ኮርቲዞንን የፈለሰፈው ፐርሲ ጁሊያን ነው ወይ? የአኩሪ አተሩ ኬሚስት ሥራና ኑሮ

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ፣ አሜሪካ የጥቁሮች ታሪክ ወርን በምታከብርበት ሰሞን፣ የፐርሲ ላቮን ጁሊያን ስም በማኅበራዊ መገናኛ ይነሳል። አብሮት የሚዞረውም «ኮርቲዞንን የፈለሰፈው ጥቁር ሳይንቲስት» የሚል ነው። ጁሊያን ከዘመኑ ታላላቅ ኬሚስቶች አንዱ መሆኑ እውነት ነው። ኮርቲዞን የተባለውን የቁርጥማት መድኃኒት ግን አልፈለሰፈም። የሠራው ሥራ ለማስረዳት ትንሽ የሚያስቸግር ስለሆነ ይመስላል በአንድ አጭር ውሸት የተተካው። እሱ ያደረገው፣ ቀድሞ በሚሊግራም ይለካ የነበረን ሆርሞን ከምግብ ዘይት አውጥቶ በኪሎ እንዲመረት ማድረግ ነው።

ይህን ለመረዳት ትንሽ ኬሚስትሪ ያስፈልጋል፤ ቀመር ግን አንጠቀምም። ኑሮውንም ከሥራው ነጥሎ መናገር አይቻልም፤ የት እንደሚሠራና ምን ላይ እንደሚሠራ ብዙ ጊዜ የወሰነለት የቆዳው ቀለም ነበርና። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስቴሮይድ ማለት ምን ማለት ነው?

ስቴሮይድ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ጡንቻ ለማፈርጠም የሚወጉት መርፌ ነው። ቃሉ ግን የአንድ መድኃኒት ስም አይደለም። አራት የካርቦን ቀለበቶች ተያይዘው የሚሠሩት አጽም አለ፤ ሦስቱ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ አራተኛው ባለ አምስት ማዕዘን። በቀለበቶቹ ውስጥ ያሉት ካርቦኖች ሲቆጠሩ 17 ናቸው። ይህን አጽም የያዘ ሁሉ ስቴሮይድ ነው። ኮሌስትሮል ስቴሮይድ ነው። እርግዝናን የሚደግፈው ፕሮጄስትሮን፣ የወንዱ ሆርሞን ቴስቶስትሮን፣ ከኩላሊት በላይ የተቀመጠችው ዕጢ የምታመነጨው ኮርቲዞንም እንደዚሁ። ዕፅዋትም የራሳቸው አላቸው፤ ስቴሮል ይባላሉ፣ በአኩሪ አተር ዘይት ውስጥም ይገኛሉ።

አንዱን ስቴሮይድ ከሌላው የሚለየው አጽሙ ላይ የተንጠለጠለው ነው። ኮሌስትሮል ከአራተኛው ቀለበት የወጣ ባለ 8 ካርቦን ጭራ አለው፤ የፕሮጄስትሮን ጭራ 2 ካርቦን ብቻ ነው። በ11ኛው ካርቦን ላይ አንድ ኦክስጅን መኖር አለመኖሩ ደግሞ፣ ኋላ እንደምናየው፣ የሚያድን መድኃኒትን ከማይረባ ዱቄት ይለያል።

አጽሙን ከምንም ተነስቶ መሥራት በ1930ዎቹ ለፋብሪካ የሚሆን መንገድ አልነበረም። የነበረው ምርጫ ሆርሞኑን ከእንስሳ መጭመቅ ነው። ጀርመናዊው አዶልፍ ቡቴናንት በ1934 ንጹሕ ፕሮጄስትሮን ለማግኘት የ50,000 አሳማዎችን እንቁላል ማፍሪያ፣ 625 ኪሎ ያህል፣ አሠራ። የወጣለት 20 ሚሊግራም ነበር። ከዚህ ተነስቶ በሽተኛ ማከም አይታሰብም።

ጁሊያን ማን ነው?

ኤፕሪል 11 ቀን 1899 በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ተወለደ፤ ለስድስት ልጆች የበኩር ነው። አያቶቹ በባርነት የኖሩ ናቸው። አባቱ በባቡር የፖስታ ሠራተኛ፣ እናቱ አስተማሪ ነበሩ። በሞንትጎመሪ ለጥቁር ልጆች የሚሆን የመንግሥት ትምህርት ከ8ኛ ክፍል አያልፍም ነበር። ስለዚህ በ1916 ኢንዲያና ውስጥ ግሪንካስል ከተማ ወደሚገኘው ዲፓው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ፣ የኮሌጁን ትምህርት እየተማረ ያልተማረውን ሁለተኛ ደረጃም ማካካስ ነበረበት። ማደሪያ አልተፈቀደለትም። በአንድ የነጭ ተማሪዎች ማኅበር ቤት አስተናጋጅ ሆኖ እየሠራ በዚያው ቤት ጣሪያ ሥር አደረ። በ1920 ከክፍሉ አንደኛ ወጥቶ ተመረቀ።

ቤተሰቡ ተከተለው። ወላጆቹ ከአላባማ ተነቅለው ግሪንካስል የገቡት የቀሩት ልጆችም እንዲማሩ ነው፤ ስድስቱም ኮሌጅ ጨረሱ፣ ሁለቱ ወንድሞቹ ሐኪሞች ሆኑ። በእኛ አገር የመጀመሪያው ልጅ ከተማ ገብቶ ታናናሾቹን ሲስብ ያየ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም።

ሃርቫርድ በ1923 ማስተርሱን ሰጠው፤ የማስተማር ረዳትነቱን ግን ነጭ ተማሪዎች ያጉረመርማሉ ብሎ ከለከለው። ዶክትሬቱን ያገኘው በ1931 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ፣ በዕፅዋት ውህዶች ሊቁ ኤርንስት ሽፔት ሥር ነው። ከዚያም ወደሚያስተምርበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ ብዙም አልቆየም። የግል ደብዳቤዎቹ ጋዜጣ ላይ ወጡ፤ በዚያን ጊዜ የሥራ ባልደረባው ሚስት ከነበረችው ከአና ጆንሰን ጋር ያለው ግንኙነትም አደባባይ ወጣ፤ በ1932 ሥራውን ለቀቀ። ስለ እሱ የሚጻፉ የሙገሳ ጽሑፎች ይህን ይዘሉታል። መዝለል የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ አና በ1935 የገና ዋዜማ ሚስቱ ሆነች፣ ትዳራቸውም እሱ እስኪሞት 40 ዓመት ያህል ዘለቀ።

ስሙን ያስጠራው የመጀመሪያ ሥራ ምን ነበር?

ከሃዋርድ ሲወጣ የተቀበለው የድሮ ትምህርት ቤቱ ዲፓው ነው፤ ፕሮፌሰር አድርጎ ሳይሆን በጊዜያዊ ተመራማሪነት። እዚያ ከቪየና አብሮት ከመጣው ከዮዜፍ ፒክል ጋር የያዘው ጉዳይ ፊዞስቲግሚን ነበር። ይህ ውህድ የሚገኘው በምዕራብ አፍሪካ፣ በዛሬዋ ናይጄሪያ አካባቢ ከሚበቅለው የካላባር ባቄላ ነው። ባቄላው መርዝ ነው፤ በአካባቢው ወንጀለኛን ለመለየት ተጠርጣሪን ያበሉት ነበር። በትንሽ መጠን ግን የዓይን መድኃኒት ይሆናል። ግላኮማ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫ አጥቶ ግፊት የሚፈጥርበትና የዓይንን ነርቭ የሚገድል በሽታ ነው። ፊዞስቲግሚን የዓይን ብሌንን ያጠብባል፤ በዚህም የፈሳሹ መውጫ ይከፈታል።

ውህዱን በቤተ ሙከራ ለመሥራት የኦክስፎርዱ ሮበርት ሮቢንሰን ቀድሞ ጀምሯል፤ በተከታታይ ጽሑፎችም አሳትሟል። በ1935 ጁሊያንና ፒክል መንገዱን ጨርሰው ሲያበቁ፣ ከመጨረሻው በፊት ያለው ውህዳቸው ጠባዩ ሮቢንሰን ከገለጸው አይገጥምም። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ማለት ነው። ጁሊያን ስህተቱ የኦክስፎርዱ ነው ብሎ በግልጽ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ቋሚ ሥራ እንኳ አልነበረውም።

እንዲህ ያለ ክርክር በምን ይፈታል? ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች በዚያ ዘመን የሉም፤ ዳኛው የመቅለጫ ሙቀት ነበር። ንጹሕ ጠጣር ነገር በጠባብ የሙቀት ክልል ውስጥ ይቀልጣል። ሁለት ዱቄቶች በእርግጥ አንድ ከሆኑ ቢቀላቀሉም በዚያው ሙቀት ይቀልጣሉ። የተለያዩ ከሆኑ ግን፣ ለየብቻ ተመሳሳይ መቅለጫ ቢኖራቸው እንኳ፣ ድብልቁ ቀድሞ መቅለጥ ይጀምራል፣ ክልሉም ይሰፋል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንዱ ያልደረቀ ናሙና ነው፤ የቀረች ጥቂት ማሟሚያ መቅለጫውን ዝቅ ታደርገዋለች። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ በቤተ ሙከራ የሚሠራ ውህድ የቀኝና የግራ እጅ ያህል የሚመሳሰሉ ሁለት ዓይነቶች እኩል ተቀላቅለው ይወጣል፣ ተክሉ ግን አንዱን ብቻ ይሠራል። ስለዚህ ራሱ አንድ ወገን ብቻ በሆነ አሲድ ጨው አድርጎ፣ ጨዎቹን በሟሚነታቸው መለየት ያስፈልጋል። ጁሊያን ይህን ሁሉ ጨርሶ ሲያመሳክር የእሱ ውህድ ከተፈጥሮው ጋር ገጠመ። የአሜሪካ ኬሚካል ማኅበር በ1999 ይህን ሥራ ብሔራዊ የኬሚስትሪ ታሪካዊ ምልክት ብሎ መዝግቦታል።

ፊዞስቲግሚን ዛሬ ለግላኮማ በተሻሉ ተተክቷል። አሁንም ቦታ ያለው በመርዝ ሕክምና ነው፤ እንደ አስተናግር ያሉ ዕፅዋት ለሚያስከትሉት መቃዠትና የልብ ምት መፍጠን ማርከሻ ሆኖ በሆስፒታል ይሰጣል።

የአኩሪ አተሩ ነገር እንዴት መጣ?

ከዚህ ሥራ በኋላ ፕሮፌሰርነት ይገባው ነበር፤ ዲፓው አልሰጠውም። የኬሚካል ኩባንያው ዱፖንት ፒክልን ቀጠረ፣ ጁሊያንን ግን አልቀጠረም። በዊስኮንሲኗ አፕልተን የሚገኝ የወረቀት ኬሚስትሪ ተቋም ሊቀጥረው ቢፈልግም፣ በከተማዋ ጥቁር ሰው ማደር አይፈቀድለትም ነበር። በመጨረሻ በ1936 የቀለምና የዘይት ኩባንያው ግሊደን በቺካጎ የአኩሪ አተር ክፍሉ የምርምር ኃላፊ አደረገው። ለጥቁር ኬሚስት በዚያ ዘመን ያልተለመደ ሹመት ነበር።

የመጀመሪያ ሥራው ሆርሞን አልነበረም። የአኩሪ አተርን ፕሮቲን አጥርቶ ማውጣትና ወረቀት ለመቀባት ማዋል ነበር። ወረቀት ቀቢዎች የሚጠቀሙት ከወተት የሚወጣውን ኬዚን ነው፤ እሱ ውድ ነው። ከዚያው ፕሮቲን የተገኘው ሌላ ምርት ኤሮ-ፎም የተባለው እሳት ማጥፊያ አረፋ ነው። የቤንዚንና የዘይት እሳት ላይ ውሃ ቢደፉበት ነዳጁ በውሃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያዛምታል፤ አረፋው ግን ላዩን ሸፍኖ አየር ይከለክለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሰፊው ተጠቅሞበታል።

ሆርሞኑ የመጣው በብልሽት ነው። ዘይት ከአኩሪ አተር ሲጨመቅ ስቴሮሎቹ ዘይቱ ውስጥ ሟሙተው ይወጣሉ፤ መጠናቸው ከአንድ በመቶ በታች ነው። እነሱን ከዘይት መለየት ከባድ ነው፤ ሁለቱም ስብ ወዳድ ስለሆኑ አንዱን የሚያሟማ ሌላውንም ያሟማል። በ1940 ግድም 100,000 ጋሎን፣ ወደ 380,000 ሊትር የተጣራ ዘይት ወደያዘው የግሊደን ጋን ውሃ ገባ፤ ከሥሩም ነጭ ዝቃጭ ተጠራቀመ። ለፋብሪካው ሰዎች ይህ የተበላሸ ዘይት ነበር። ጁሊያን ግን ተመሳሳይ ነገር አይቶ ያውቃል፤ በዲፓው ሳለ ከካላባር ባቄላ የወጣ ዘይትን አሲድና ውሃ ነክቶት ሲቀመጥ ከስቴሮሎች አንዱ የሆነው የስቲግማስቴሮል ብርጭቆማ ፍሬዎች ጥለውለት ነበር። ውሃ ሲያገኙ ስቴሮሎቹ ከውሃው ጋር ተጣምረው ዘይት ውስጥ የማይሟሙ ሆነው ይወርዳሉ። ጋኑ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው።

ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ እንደ ዕድል ይተረካል። ውሃ ዘይት ጋን ውስጥ የገባው ግን በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አይመስለንም። አዲስ የነበረው ዝቃጩን አይቶ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው።

ከዘይት ዝቃጭ ፕሮጄስትሮን የሚወጣው እንዴት ነው?

የመንገዱን አቅጣጫ ያሳዩት ጀርመኖች ናቸው፤ ቡቴናንትና ፌርንሆልዝ በ1934 ከስቲግማስቴሮል ፕሮጄስትሮን ሠርተዋል፣ ያውም በቤተ ሙከራ መጠን። ጁሊያን ያንን ፋብሪካ አስገባው።

ከአኩሪ አተር የሚገኘው የስቴሮል ድብልቅ ነው። ትልቁ ክፍል ሲቶስቴሮል ነው፤ ስቲግማስቴሮል አንድ አምስተኛ ያህል ቢሆን ነው። ሁለቱ በጣም ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም ባለ 10 ካርቦን ጭራ አላቸው። ልዩነታቸው የስቲግማስቴሮል ጭራ መሐሉ ላይ ድርብ ትስስር ያለበት መሆኑ ነው። ድርብ ትስስር ማለት ሁለት ካርቦኖች በአንድ ሳይሆን በሁለት ክንድ ሲያያዙ ነው፤ ኬሚካል የሚያጠቃውም ያንን ቦታ ነው። መቁረጫው ኦዞን ነው፤ ኦዞን ድርብ ትስስርን ፈልጎ ይቆርጣል።

ችግሩ ሁለተኛ ድርብ ትስስር መኖሩ ነው፤ እሱ ያለው ቀለበቱ ላይ ነው። ኦዞን ያንንም ከቆረጠው አጽሙ ይሰበራል። እዚህ ላይ የሚደረገው፣ ቀለም ቀቢ ግድግዳውን ከመቀባቱ በፊት መስኮቱን በጋዜጣ እንደሚሸፍነው ነው፤ የማይነካው ቦታ አስቀድሞ ይሸፈናል፣ ሥራው ሲያልቅ መሸፈኛው ይነሳል። መሸፈኛው ብሮሚን ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በአጽሙ አንድ ጫፍ ላይ ያለው የአልኮል ቡድን በአሴቲክ አሲድ ይታሰራል። ከዚያ ተለክቶ ብሮሚን ይጨመራል፤ ቀለበቱ ላይ ያለው ድርብ ትስስር ሁለት የብሮሚን አቶሞች ይዞ ይዘጋል። ቀጥሎ ድብልቁ ቀዝቅዞ ኦዞን ይነፋበታል፤ የስቲግማስቴሮል ጭራ ይቆረጣል፣ የሲቶስቴሮል ግን ድርብ ትስስር ስለሌለው እንዳለ ይቀራል። ቀጥሎ የዚንክ ዱቄት ብሮሚኑን ነቅሎ የቀለበቱን ትስስር ይመልሳል። የተቆረጠው ጭራ አሁንም ለፕሮጄስትሮን አንድ ካርቦን ይረዝማል፤ በተጨማሪ እርምጃዎች እሷም ትወገዳለች። በመጨረሻ የታሰረው አልኮል ተፈትቶ ኬቶን ወደሚባል ሌላ የኦክስጅን ቡድን ይቀየራል፣ ድርብ ትስስሩም አንድ ቦታ ይሻገራል። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ይህ ነው።

የሚበላሽባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ብሮሚኑ ካነሰ ያልተሸፈነው ቀለበት ይሰበራል፤ ከበዛ ጭራው ላይ ያለውንም ትስስር ስለሚሸፍነው ኦዞን የሚቆርጠው ያጣል። ኦዞን ሲያርፍ የሚፈጠረው መሸጋገሪያ ውህድ ፈንጂ ነው፤ ሳይበተን ቢሞቅ ወይም ደርቆ ቢጠራቀም ቤት ይዞ ይሄዳል። በፍላስክ ውስጥ ጥቂት ግራም ሲሆን ጋሻ ጀርባ ቆሞ መሥራት ይቻላል። ጁሊያን ግን በቀን 100 ፓውንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ገደማ፣ ብሮሚን የያዘ የስቴሮል ድብልቅ ላይ ኦዞን ይነፋ ነበር። የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ነው፤ ምላሹን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ሙቀቱ በትልቅ ጋን መሐል ሳይወጣ ሲቀር ምን እንደሚሆን ማወቅ ሌላ። ከፕሮጄስትሮኑ ተነስቶ ቴስቶስትሮንና ሌሎችም ተሠሩ።

ታዲያ ኮርቲዞንን ማን ሠራው?

ኮርቲዞን ከኩላሊት በላይ ካለችው አድሬናል ዕጢ የተለየው በ1930ዎቹ ነው፤ ዋነኞቹ ሰዎች በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ኤድዋርድ ኬንዳል፣ በስዊዘርላንድ ታዴውስ ራይክሽታይን ናቸው። በ1948 የማዮው ሐኪም ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከአልጋ ለዋለች ታማሚ ሰጣት፤ በቀናት ውስጥ መራመድ ጀመረች። በ1950 ሦስቱ የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ለሄንች የተሰጠውን ያዘጋጀው መርክ የተባለው ኩባንያ ነው፤ የመርኩ ሉዊስ ሳሬት ከበሬ ሐሞት ተነስቶ ከ30 በላይ እርምጃዎች ያሉት መንገድ ሠርቷል። ያን ያህል እርምጃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት፣ እያንዳንዱ እርምጃ 80 በመቶ ቢሳካ እንኳ ከ30 እርምጃ በኋላ የሚተርፈው ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ለጥቂቶች እንጂ ለብዙኃን አልነበረም።

ያን ሁሉ እርምጃ የሚያመጣው ዋናው ነገር በ11ኛው ካርቦን ላይ የሚቀመጠው አንድ ኦክስጅን ነው። ቦታው ከሌሎቹ ቡድኖች ርቆ መሐል ላይ ስለሆነ ኬሚካል በቀላሉ አይደርስበትም።

ጁሊያን በ1949 ያስታወቀው ከአኩሪ አተር ስቴሮል ራይክሽታይን «ኤስ» ብሎ የሰየመውን ውህድ መሥራቱን ነው። ኤስ የኮርቲዞን የቅርብ ዘመድ ከሆነው ከሃይድሮኮርቲዞን የሚለየው በዚያች በ11ኛዋ ኦክስጅን ብቻ ነው። ሲሞከር ግን ለቁርጥማት አልሠራም፤ አንዲት አቶም ሁሉንም ወስናለች። «ኮርቲዞንን ፈለሰፈ» የሚለው ስህተት መነሻው ይህ መቀራረብ ነው።

የጎደለችውን ኦክስጅን ያስገባት ሻጋታ ነው። በ1952 አፕጆን የተባለው መድኃኒት አምራች ተመራማሪዎች ፒተርሰንና መሪ ዳቦ ላይ ከሚበቅለው ጥቁር ሻጋታ ዘመድ የሆነ ራይዞፐስ፣ ፕሮጄስትሮንን ሲመግቡት 11ኛው ቦታ ላይ በአንድ እርምጃ ኦክስጅን እንደሚጨምር አሳዩ። ቀጥሎ ሌሎች ሻጋታዎች ኤስን በቀጥታ ወደ ሃይድሮኮርቲዞን እንደሚለውጡ ታወቀ። ከዚያ በኋላ የጎደለው በርካሽ የሚገኝ ብዙ ፕሮጄስትሮንና ብዙ ኤስ ነበር። የጁሊያን ሥራ የሚገባው በዚህ መሐል ነው።

ቤተሰቡና አገልግሎቱስ?

አና ጁሊያን በቤት ውስጥ ብቻ የምትጠቀስ ሚስት አልነበረችም። በ1937 ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ዶክትሬት ያገኘች፣ በዚህ ሙያ ከጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ ነች። ልጆቻቸው ፐርሲ ታናሹና ፌይዝ ናቸው።

በ1950 ቤተሰቡ የቺካጎ ጎረቤት በሆነችው ኦክ ፓርክ ቤት ገዛ። በዚያው ዓመት የቺካጎ ሰን-ታይምስ ጋዜጣ ጁሊያንን የዓመቱ የቺካጎ ሰው ብሎ መርጦታል። ገና ሳይገቡበት፣ በኖቬምበር የምስጋና ቀን፣ ሰዎች ቤቱን ሊያቃጥሉት ሞከሩ። በሚቀጥለው ጁን ወላጆቹ በሌሉበት፣ ልጆቹ ባሉበት፣ ዳይናማይት ተወረወረበት። ቤቱን አልለቀቁም። ጠባቂ ቀጠሩ፣ አባትና ልጅም ማታ ማታ ግቢውን ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ከጎረቤቶቻቸውም ተደራጅተው የቆሙላቸው ነበሩ። በዚያው በ1951 የበጋ ወቅት በቺካጎ አንድ ክበብ ውስጥ ለተጠራ የሳይንቲስቶች ስብሰባ ተጋብዞ፣ ክበቡ ጥቁር አላስገባም አለ።

አገልግሎት ሲባል ለእሱ የመድረክ ንግግር ብቻ አልነበረም። በራሱ ኩባንያ ሌላ ቦታ በር የተዘጋባቸውን ጥቁር ኬሚስቶች ቀጠረ። የመብት ክርክሮችን በፍርድ ቤት ለሚያካሂደው የጥቁሮች ማኅበር የሕግ መከላከያ ፈንድ ገንዘብ አሰባሰበ፤ በ1967 ከአሳ ስፖልዲንግ ጋር ሆኖ ለዚሁ ጥቁር ባለሀብቶችን ያስተባበረው እሱ ነው።

ኩባንያውን ለምን አቋቋመ፣ ለምንስ ሸጠው?

በ1953 ግሊደን ከስቴሮይድ ሥራ ሲወጣ ጁሊያን በኢሊኖይ ፍራንክሊን ፓርክ የራሱን ቤተ ሙከራ ከፈተ። በዚያን ጊዜ ከአኩሪ አተር የተሻለ ጥሬ ዕቃ ተገኝቷል፤ ራስል ማርከር ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ ሥር የሚወጣው ዲኦስጄኒን በጥቂት እርምጃ ፕሮጄስትሮን እንደሚሆን አሳይቷል። ጁሊያን በሜክሲኮ ፋብሪካ ሠራ፤ ቦዬውን ለመሰብሰብ የሚያስፈልገውን ፈቃድ ግን መንግሥት ከለከለው። ገበያው ሲንቴክስ በተባለ ኩባንያ እጅ ነበር። የቆመ ፋብሪካ፣ የሌለ ጥሬ ዕቃ። ያወጣው የቀድሞ ወዳጁ አብርሃም ዝሎትኒክ ነው፤ ከናዚ አውሮፓ ያመለጠውም በጁሊያን እርዳታ ነበር። ዝሎትኒክ ተክሉን ጓቴማላ ውስጥ ፈልጎ አገኘለት።

አንድ ምርት ላይ የምርት መጠኑን በአራት እጥፍ የሚያሳድግ መንገድ ሲያገኝ፣ ትርፉን ወደ ኪሱ ከማስገባት ዋጋውን ከ4,000 ዶላር በኪሎ ወደ 400 አወረደው። በ1961 ኩባንያውን በ2.3 ሚሊዮን ዶላር ለመድኃኒት አምራቹ ስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች ሸጠ፤ ቀጥሎ ትርፍ የማያስገባ የምርምር ተቋም መሠረተ። ከ100 በላይ የባለቤትነት መብቶች በስሙ ተመዝግበዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ በ1973 ተቀበለው፤ ከጥቁር ኬሚስቶች የመጀመሪያው ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1975 በጉበት ካንሰር ሞተ።

ዛሬ መድኃኒት ቤት ያለው ከምን ይሠራል?

ለማሳከክና ለቆዳ ሽፍታ የሚሰጠው ሃይድሮኮርቲዞን ቅባት፣ ለአስም የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን፣ ብዙዎቹ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችም አጽማቸው ያው ባለ አራት ቀለበት ነው። የሜክሲኮው ቦዬ ከዱር እየተለቀመ ሲመናመንና ዋጋው ሲወጣ አምራቾች ወደ ዘይት ተመለሱ። በ1970ዎቹ ሻጋታ ሳይሆን ማይኮባክቴሪየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ተገኙ፤ የስቴሮልን ጭራ በልተው ቀለበቶቹን ሳይነኩ እንዲተዉ ተደርገው ተለውጠዋል። ብሮሚንም ኦዞንም አይፈልጉም፤ ጭራው ድርብ ትስስር ይኑረው አይኑረውም ግድ አይሰጣቸውም። በጁሊያን ጋን ውስጥ ኦዞን ሳይቆርጠው እንዳለ ይቀር የነበረው ሲቶስቴሮል ዛሬ ከዋነኞቹ የስቴሮይድ መድኃኒት ጥሬ ዕቃዎች አንዱ ነው፤ ከአኩሪ አተር ዘይት ማጣሪያ ተረፈ ምርት እየተለቀመ ወደ ማብላያ ጋን ይገባል።